የአስጨፋሪው ዝውውር

ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአባቴን ወንበር አቧራ እጠርጋለሁ። የወንበሩ ቁጥር ሰማንያ ስምንት ነው። መደገፊያው ላይ መዳፍ የምታክል ድምፅ ማጉያ ተሰክታለች፤ ከሷ በላይ አረንጓዴ መብራት አለ። መብራቱ ከበራ አባቴ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጭብጥ ለውዝ ወንበሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ለውዙን እርግቦች ይበሉታል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ለሟቹ ለውዝ ሳያስቀምጥ የሚቀመጥ የለም።

አዳራሹ ድሬዳዋ ለገሃር ያለው የድሮ የባቡር መጠገኛ ነው። የሐዲድ ስፖርት ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር እዚያ የሚሰበሰበው ግድግዳው ወፍራም ስለሆነና ሙቀቱን ስለሚችል ነው። ስድስት መቶ አርባ ወንበር አለው። ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰው የሚቀመጠው ሰባ አንዱ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት መብራት ናቸው። በመተዳደሪያ ደንባችን እነሱ «ቋሚ አባላት» ይባላሉ፤ በሕይወት ያለነው ደግሞ «ጊዜያዊ አባላት» ነን። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ቀልደኛ ሰው ግን አልነበረም።

ማን ይሰለፍ፣ ማን ይለቀቅ፣ ማን በማን ይለወጥ የሚለውን የሚወስነው ማኅበሩ ነው። አሰልጣኙ የተወሰነለትን ያሰለጥናል። ሁሉም ወንበር እኩል ድምፅ አለው። ከሐሙስ ውጪ የከተማው ጥላ ሸራ ሰፊ ነኝ፤ ከከዚራ እስከ መጋላ ጎዳናው ላይ የተወጠረው ሸራ ሲቀደድ መሰላል ላይ ወጥቼ እሰፋለሁ። መሰላሉ ላይ ሆኜም የማስበው ስለ ግራ ተከላካያችን ነው። እንዲህ አድርጎ ያሳደገኝ አባቴ ነው።

አባቴ መርዕድ ቱሉ የሐዲድ አስጨፋሪ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ስታዲየም ውስጥ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ቆሟል። አስጨፋሪ ፊቱ ወደ ሕዝቡ ስለሆነ ጎል ሲገባ አያይም። እሱ ጎሉን ከእኛ ፊት ላይ ነበር የሚያየው።

ቤት ግን ዝም ነው። ከሥራ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እናቴ «አባትሽ ቃሉን ሁሉ ለሐሙስ ያጠራቅማል» ትል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባል የሆንኩት ኳስ ወድጄ አይደለም፤ አባቴ ሲያወራ ለመስማት ነው። እዚያም ቢሆን ስሜን ጠርቶ አያውቅም። እንደማንኛውም አባል «ወንበር ሁለት መቶ ዘጠኝ» ነበር የሚለኝ። አንድ ቀን ስለ አንድ ተከላካይ ግማሽ ሰዓት ተናግሬ አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ፣ እሱ ተነሥቶ «ወንበር ሁለት መቶ ዘጠኝ የቁመቱን ነገር ረስታለች» ብሎ ተቀመጠ። ቁመቱን አልረሳሁም ነበር። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አሁንም ያናድደኛል።

ሲሞት ማኅበሩ የሐሙስ ንግግሮቹን ሁሉ ሰብስቦ ለማሽን አስተማረና ድምፁን አስነሣው። ስለዚህ ወንበር ሰማንያ ስምንት የሚያውቀው ሐሙስን ብቻ ነው። እናቴን አያውቃትም። ቤታችን የት እንደሆነ አያውቅም። እኔ ልጁ መሆኔን የሚያውቀው ከመዝገብ ነው። እንዲያም ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ አላመለጠኝም።

እሱ ያስጸደቀው አንድ ደንብ አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ናስር የሚባል አማካያችን ለሌላ ክለብ ሊለወጥ ሲል እናቱ አዴ ዘቢባ ተነሥታ ማልቀስ ጀመረች። እሷም አባል ነበረች። አዳራሹ ልቡ ራርቶ ሐሳቡን ሊቀይር ሲል አባቴ ብድግ አለና «ዘመድ አይናገርም!» አለ። «ዘመድ ከተናገረ ይሄ የኳስ ማኅበር አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ደንቡ የዚያኑ ቀን ተጻፈ፤ የሚለወጠው ሰው ዘመድ አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም። አዴ ዘቢባ ተቀመጠች፣ ናስር ሄደ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዴ ዘቢባ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ወንበሯ ሦስት መቶ አንድ ነው።

በመጋቢት አጋማሽ በአንድ ሐሙስ አዳራሹ ገና ከጅምሩ ተጨንቆ ነበር። ከአሥራ ስድስት ክለብ አሥራ አምስተኛ ነን፣ የቀረን ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ወደ ታችኛው ሊግ የወረደ ክለብ የሚፈቀድለት ሁለት መቶ ወንበር ብቻ ነው፤ የቀረው መብራት ይጠፋል። ሙታኑ ይህንን ያውቃሉ። ሲፈሩ አነጋገራቸው ትንሽ ይፈጥናል።

«በረኛችን በአምስት ጨዋታ አሥራ አራት ጎል አስተናግዷል» አለ ሊቀመንበራችን ኢድሪስ አብዶሽ።

«አቦ እሱ በረኛ አይደለም!» አለ ከኋላዬ ሙክታር። ባጃጅ ነጂ ነው፣ በሕይወት ካሉት አንዱ። «ወላሂ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሱ እሻላለሁ። ባጃጄን ጎሉ አፍ ላይ ባቆማትም ከሱ ትሻላለች!»

ሳቅ ሆነ። የሙታን ሳቅ እኩል ይጀምርና እኩል ያልቃል፤ እስካሁን አልለመድኩትም። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ የግራ መስመር አጥቂያችን በበረኛ ይለወጥ ይላል፣ ሌላው የለም አጥቂ ከሌለ በረኛ ምን ያደርጋል ይላል። አንድ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ሰውዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደሚለው፣ ሁለቱንም ሽጠን ከታዳጊ እንጀምር አለ። ኢድሪስ ጠረጴዛውን መታ።

«ሦስተኛው አጀንዳ። የአዋሽ ድልድይ ክለብ በረኛውን ኦብሳን ሊሰጠን ፈቅዷል።»

ኦብሳ የሊጉ አንደኛ በረኛ ነው።

«በምትኩ ተጫዋች አይፈልጉም» አለ ኢድሪስ፤ ወደ እኔ እንዳያይ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረገ። «የሚፈልጉት ወንበር ሰማንያ ስምንትን ነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የአዋሽ ድልድይ ቡድን ጠንካራ ነው፣ ደጋፊው ግን ስታዲየም ገብቶ እንደ ባንክ ወረፋ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጎደላቸው አስጨፋሪ ነው። የሙት ድምፅ በተጫዋች ሲለወጥ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኢድሪስ ደንቡን አነበበ፤ ቋሚ አባልም አባል ነው፣ አባል በክለቡ ስም የተመዘገበ ሀብት ነው።

ብድግ አልኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም፤ አፌን ስከፍት ከግድግዳው በኩል የሴት ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው።

«ዘመድ አይናገርም» አለች አዴ ዘቢባ።

ቆሜ ቀረሁ። መብራቱ ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ፤ መብራት አይዞርም፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ቀጥሎ የሰማንያ ስምንት ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸች።

«ወንበር ሁለት መቶ ዘጠኝ ደንቡን ታውቀዋለች» አለ አባቴ። «ትቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«አሁን እኔ ልናገር» አለ። የሚለወጠው ሰው መናገር ይፈቀድለታል። «ሰማንያ ስምንትን እንደ ተጫዋች እዩት፣ እንደ ሰው አትዩት። ዕድሜው ስንት ነው? ሞቷል። አዲስ ዜማ ካወጣ ስንት ጊዜው ነው? ዘጠኝ ዓመት። ባለፈው ዓመት ስንት ክርክር አሸነፈ? ሁለት። ስሙ ትልቅ ነው፣ እሺ። ስም ኳስ ይይዛል እንዴ? በሱ ፈንታ በጨዋታ ከአንድ ጎል በታች የሚገባበት በረኛ እናገኛለን። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እለውጠዋለሁ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው የዝውውር ክርክሮች ሁሉ ምርጡ ነበር። አንዲት ቀዳዳ ፈልጌለት አጣሁ። እጄ ሊያጨበጭብ ሲነሣ ነው ያየሁት፤ ጭኔ ሥር ከተትኩት።

እኔና አባቴ ሳንቆጠር ስድስት መቶ አራት ድጋፍ፣ ሠላሳ አራት ተቃውሞ። የተቃወሙት ሠላሳ አራቱም በሕይወት ያሉ ናቸው። ሙክታር ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ «አቦ ይሄ ነገር ደስ አይልም» አለ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ለሟች ዝውውር የወራሽ ፊርማ ያስፈልጋል። ኢድሪስ ወረቀቱን ሰጠኝና «እስከ እሑድ ነው፣ ፈትሌ» አለኝ። «ባትፈርሚ ማንም አያስገድድሽም።» ማንም አያስገድደኝም። ካልፈረምኩ አባቴ ይቀራል፤ ክለቡ ይወርዳል፤ አራት መቶ አርባ ወንበር ይዘጋል፣ መብራቱም ይጠፋል። የማይጠፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ቁጥሮች ስለሆኑ ሰማንያ ስምንት ይተርፋል። የአዴ ዘቢባ ሦስት መቶ አንድ አይተርፍም።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ዘበኛው ያውቀኛል፣ ከፈተልኝ። አዳራሹ ውስጥ ከእርግቦቹ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ወንበሩን ጠረግኩ፤ መብራቱ በራ።

«አባዬ» አልኩት።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ። አልፈርም ብልስ?»

«ከቀሩን ዘጠኝ ጨዋታዎች አምስቱ ከሜዳችን ውጪ ናቸው። ያለ በረኛ አምስቱንም እንሸነፋለን። ከዚያ…»

«ስለ ኳስ አይደለም የምጠይቅህ። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ነው የምልህ። እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ፈትለወርቅ።»

ዝም አለ። መብራቱ በርቷል፣ እሱ ግን ዝም ነው። ያንን ዝምታ አወቅኩት። እጁን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ግድግዳውን እያየ የሚቀመጥበት የቤት ዝምታ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የፈለግኩት ለካስ እሱን ነው። የሚለው ቃል ከሐሙሶቹ ውስጥ ስለጠፋ ዝም ብሎ ይሆናል፤ እሱን አላጣሁትም። በሕይወት እያለስ ዝም የሚለው በሌላ ምክንያት ነበር ያለኝ ማን ነው? ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ልጄ ሲሄድ ዕድሜው ስላልደረሰ እኔም ፈርሜለታለሁ» አለ ከግድግዳው በኩል ያ ቀስ ያለ ድምፅ።

ቀና አልኩ። የሦስት መቶ አንድ መብራት በርቷል። ማን እንዳበራው አላውቅም።

«ናስር ተመለሰ?» አልኳት።

«ለቀብሬ መጥቶ ነበር አሉኝ» አለች አዴ ዘቢባ።

ቂም ነበረበት ብዬ ብናገር ውሸት ይሆናል። የጨዋታ ውጤት እንደሚነግር ሰው ነው የነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት የዘገየ ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ለምላሴ ከብዶኝ ቀረ። እዚያው ወለሉ ላይ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። ለክለቡ ብዬ ነው፣ ለሷ ብዬ ነው፣ ስለተናደድኩበትም ነው። «ዘመድ አይናገርም» ያለ ሰው የዘመድን ፊርማ አይቶ ይሂድ አልኩ።

ሰኞ አንድ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ ድምፅ ማጉያዋን እንደ አምፖል አሽከርክሮ ነቀላት። ያስታውሰን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሲዛወሩ የድሮ ክለባቸውን ሰውና ምሥጢር እናጸዳለን» አለኝ። «ጸባያቸውና አነጋገራቸው አይነካም። ገዢው የሚፈልገውም እሱን ነው።»

በቀጣዩ ሐሙስ ለውዝ ይዤ ሄድኩ። ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ እርግቦቹ በሉት።

ኦብሳ የተባለለት በረኛ ነበር። በስምንት ጨዋታ አራት ጎል ብቻ ገባበት፤ እኛም ከወራጅ ቀጠናው ጫፍ ላይ ደረስን። ከአዋሽ የሚመጡ ሹፌሮች ወሬ ያመጡልኛል። አባቴ እዚያ በደረሰ በሁለተኛው ሐሙስ አዲስ ደንብ አስጸድቋል አሉኝ። ምን የሚል ደንብ ነው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የመጨረሻው ጨዋታ ድሬ ላይ ከአዋሽ ድልድይ ጋር ሆነ። አቻ ከወጣን እንተርፋለን። ጨዋታው በሙቀቱ ምክንያት እንደ ደንቡ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተጀመረ። እንደ ባንክ ወረፋ ዝም ይላል ብዬ የማማው ሕዝብ በእንግዶቹ በኩል እንደ አንድ ሰው ይጮሃል። ከፊታቸው አንዲት ቀጭን ሴት ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ ትንሽ ሣጥን ታንጠለጥላለች። የአባቴ ድምፅ ከዚያ ሣጥን ይወጣል። ዜማው የኛ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ከሱ ጋር ላለመዝፈን ከንፈሬን ነከስኩ። ሙክታር አይቶኝ ፊቱን አዞረ።

ዜሮ ለዜሮ ወጣን። ኦብሳ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ የማይያዝ ኳስ ያዘ፤ ኢድሪስ ሰው ሁሉ እያየው ጫማውን ወደ ላይ ወረወረ። እኔ ግን በሽቦው አጥር ጥግ ጥጉን ወደ እንግዶቹ አውቶቡስ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ላይ የሙቀቱ ማስጠንቀቂያ ከመነፋቱ በፊት ከተማውን ለቀው መውጣት አለባቸው። ሴትየዋ ለመሳፈር ወረፋ ይዛለች። ሣጥኑ የሐዲድን ሻርፕ አንገቴ ላይ አየ መሰለኝ።

«ሐዲዶች!» አለ አባቴ። «ዛሬ ያተረፋችሁ የኛ በረኛ ነው፣ ውለታችንን እንዳትረሱ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ይህን ፌዝ በሌሎች ላይ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እኔ ላይ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው።

«ነጥብ ያስጣላችሁ በረኛው አይደለም» አልኩት። «ቁጥር አራታችሁ ነው። ኳስ ይዞ ሊዞር ሲል ቀኝ ትከሻውን ያስቀድማል፤ ልጆቻችን ከአሥረኛው ደቂቃ ጀምሮ እዚያው ጠበቁት።»

«ቁጥር አራት? እሱ እኮ ልባችን ነው!»

«ልባችሁ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በክረምቱ ለውጡት። ጅማ ላይ ተቀያሪ ወንበር የሚያሞቅ ግራ እግር አማካይ አለ፣ በደስታ ይሰጧችኋል።»

«ያ ልጅ? ቁመቱንስ ረሳሽው?»

ሽቦውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ቁመቱን አልረሳሁም» አልኩት። «ለማዕዘን ምት ሁለት ረጃጅም አሏችሁ፣ ሦስተኛ አያስፈልጋችሁም። እሱ መሬት ለመሬት ይጫወት።»

ሣጥኑ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው፤ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ እየተንጠባጠበ አለቀ። እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አላገኘሁትም።

«አንቺ! ኳስ ማን አስተማረሽ?» አለ። «ሠላሳ ምናምን ዓመት ስከራከር እንዲህ አፌን ያስያዘኝ የለም። እውነቴን ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ወረፋው አልቆ ሴትየዋ ብቻ ቀርታለች፤ አንዴ እኔን አንዴ ሣጥኑን ታያለች። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ ያንተ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ደንቡን ያነሣል። ዘመድ አይናገርም ይለኛል፣ እኔም እቀመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

«የማንም» አልኩት። «ይልቅ ስለ ቀኝ ተከላካያችሁ ንገረኝ፣ እሱንስ እስከ መቼ ነው የምትሸከሙት?»

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ።

«ይጠብቁ!» አለ አባቴ። «ከዚህች ልጅ ጋር ገና አልጨረስኩም።»